አንድ ሰው፣ ጥቂት ወንበር፣ ብዙ ሳቅ
(ስለ ትንንሽ የብቻ ኮሜዲ ትርኢቶች የተደረገ ምልከታ)

መግቢያ

ባለፈው ዓመት መምህራችን «ከክፍል ውጪ ያያችሁትን ትርኢት ተንትናችሁ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተውን እንደነበር የክፍል ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ። አብዛኞቻችሁ ትልልቅ ተውኔቶችን አይታችሁ ጻፋችሁ። እኔ ግን ገንዘብም ጊዜም ስላጠረኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቀለል ያለም መስሎኝ፣ ትንንሹን መረጥኩ። በየካቲት ወር አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያስቅባቸውን ሦስት ትርኢቶች በሁለት ቀን ውስጥ አየሁ። አራተኛውን ደግሞ በሚያዝያ ወር፣ ሳላስበውና የመግቢያ ሳልከፍል፣ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አየሁት።

ቀለል ያለ የመሰለኝ ነገር ግን አልቀለለኝም። የቤት ሥራውን በጊዜው ሳላስረክብ ቀረሁ። ያኔ ለመምህሬ «አመመኝ» ብዬ ነበር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዋናው ምክንያት በሦስተኛው ትርኢት ላይ የገጠመኝን ነገር መጻፍ ስላቃተኝ ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዘገየው የቤት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ የብቻ ኮሜዲ ምንድን ነው?

የብቻ ኮሜዲ ስንል አንድ ተዋናይ ወይም ቀልደኛ ያለ ጓደኛ፣ ብዙ ጊዜም ያለ መድረክ ቁሳቁስና ያለ ልዩ አልባሳት፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየ የሚያስቅበት የትርኢት ዓይነት ማለታችን ነው። በሁለት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኛው ቀልደኛው በራሱ ስም ቆሞ ስለራሱና ስላየው ነገር የሚያወራበት፣ ስታንድ አፕ ኮሜዲ እያልን የምንጠራው ነው። ሁለተኛው አንድ ተዋናይ ሌላ ሰው ሆኖ የሚጫወትበት ባለ አንድ ሰው ተውኔት ነው። በተግባር ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በራሱ ስም የሚያወራው ቀልደኛ በመሃል አከራዩን ወይም አለቃውን ሆኖ ይጫወታል፤ ገጸ ባሕርይ የሚጫወተውም ከተመልካቹ ጋር ዓይን ለዓይን ይነጋገራል።

ከጥንድ ኮሜዲ የሚለየው ደግሞ መልስ ሰጪ በማጣቱ ነው። ጥንድ ቀልደኞች ሲሆኑ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ አንዱ ሲረሳ ሌላው ይደግፈዋል። ብቻውን የቆመ ሰው ግን የመልስ ሰጪውን ቦታ የሚሞላለት ተመልካቹ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን ሥሩ የት ነው?

አንዳንድ ሰው ስታንድ አፕ ሲባል ከውጭ የመጣ ነገር አድርጎ ያየዋል። ስሙ እንጂ ግብሩ ግን አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የጎንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ዛሬም ድረስ ሰው በቃሉ የሚያወራላቸው በአንዲት ቃል ሁለት ትርጉም አድርገው ባለሥልጣኑንም ካህኑንም በመሸንቆጣቸው ነው። አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ይቆማል፤ የገባውን እንግዳ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አይቶ እዚያው ግጥም ይፈጥርለታል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» እንኳ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል መጠሪያ ያለው መሆኑን ልብ ይሏል። የተውኔት ታሪካችን የሚጀምረው በኮሜዲ ነው ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በካሴትና በቴሌቪዥን የምናስታውሳቸው ብዙዎቹ ጥንዶች ናቸው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ብቻቸውን ከቆሙት መካከል ደግሞ ተስፋዬ ካሳንና ክበበው ገዳን መጥቀስ ይቻላል። የእኛ ትውልድ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ባለ አንድ ሰው ሥራ ግን በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ የሚጫወተው «እያዩ ፈንገስ (ፌስታሌን)» ነው። አንድ ፌስታል የያዘ፣ ሰው እብድ የሚለው ገጸ ባሕርይ ብቻውን ቆሞ ስለ አገሩ ይናገራል። ተመልካቹ መጀመሪያ በእብዱ ይስቃል፤ ቆየት ብሎ ግን እብዱ እየሳቀ ያለው በእሱ መሆኑ ይገባዋል። እሸቱ መለሰን የመሳሰሉ ደግሞ ከመድረኩ ወደ ዩቲዩብ ተሻግረው ትልቅ ታዳሚ አፍርተዋል። በስልክ የሚታይ ቀልድ ግን ከትንሽ ክፍሉ የሚለየው ነገር አለ፤ ስልኩ ስንስቅና ስንከፋ አያየንም።

የኤድንብራ ልምድ

ትንንሽ የብቻ ትርኢቶች በብዛት የሚታዩት በስኮትላንዷ ኤድንብራ ከተማ በየነሐሴው በሚካሄደው የፍሪንጅ ፌስቲቫል ነው። አጀማመሩ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1947 ከጦርነቱ በኋላ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በከተማዋ ሲከፈት፣ ያልተጠሩ ስምንት የቴአትር ቡድኖች በራሳቸው ጊዜ መጥተው ዳር ዳሩን አሳዩ። «ፍሪንጅ» የሚለው ቃልም ዘርፍ፣ ጠርዝ እንደማለት ነው። ዛሬም ማን ይግባ ማን አይግባ ብሎ የሚመርጥ ኮሚቴ የለም፤ ክፍል ያገኘና ወጪውን የቻለ ሁሉ ያሳያል። በዚህም ምክንያት የመጠጥ ቤት ምድር ቤት፣ የመማሪያ ክፍል፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሳይቀር ለአንድ ሰዓት ያህል ቴአትር ቤት ይሆናል። በአንዳንዶቹ ትርኢቶች መግቢያ በነጻ ነው፤ ሲያልቅ ቀልደኛው በሩ ላይ ባልዲ ይዞ ይቆማል፣ የሳቀ ሰው የመሰለውን ይጥላል። እኛ አገር ለአዝማሪ ግንባር ላይ ብር ከመለጠፍ ብዙ አይርቅም።

ብቻ መሆን ለምን በዛ ካልን፣ አንዱ ምክንያት ኢኮኖሚ ነው። አሥር ሰው ማጓጓዝ፣ ማሳደርና ማብላት ይከብዳል፤ አንድ ሰው ግን በአንድ ሻንጣ ይመጣል። ይህን ያነሳሁት እኛም በጀት የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ እንደሌለብን ለማሳየት ጭምር ነው።

ያየኋቸው ሦስት ትርኢቶች

የመጀመሪያው ትርኢት የቀረበው በስብሰባ ክፍል ውስጥ ነበር። ሃያ አራት ወንበር ተደርድሯል፤ ቆጠርኩት፣ የመጣነው አሥራ ሰባት ነን። ቀልደኛው ወጣት ነው። ስለ ታክሲ ሰልፍ የመጀመሪያውን ቀልድ ተናገረ፤ ማንም አልሳቀም። በሺህ ሰው አዳራሽ ቢሆን ከኋላ አንድ ሰው ይስቅና ያተርፈው ነበር። እዚህ ግን ዝምታው ራሱ ተሰማ፤ ኮሪደር ላይ በር ሲንጫረር ሰማን። ልጁ ትንሽ ቆመና «ይሄን ቀልድ ትናንት ቤት ሠርቼው እናቴ በሳቅ ሞታ ነበር። እናቴ ዛሬ የት ሄደች?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚህ የተማርኩት፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ውድቀትን መደበቅ እንደማይቻልና ያመነው ሰው ግን እንደሚተርፍ ነው።

ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ያላት አንድ ወንበርና አንድ ነጠላ ብቻ ነው። ስለ ቤት ኪራይ አወራች። ነጠላውን ስታጣፋ አከራይ ትሆናለች፣ ስታወርደው ተከራይ። አከራይዋ «መብራት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ውሃ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እንግዳ በጭራሽ!» ትላለች። ተከራይዋ «ታዲያ እማማ፣ ቤቱ ምን አለውና ነው ይሄ ሁሉ ብር?» ስትል፣ አከራይዋ ነጠላዋን ረጋ ብላ አስተካክላ «ሰላም አለው ልጄ፣ ሰላም!» አለች። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እንባዋን ጠረገች፤ ተከራይ ሳትሆን አትቀርም። ልብ ያልኩት የዓይኗን አቅጣጫ ነው። አከራይ ስትሆን ዝቅ ብላ ታያለች፣ ተከራይ ስትሆን ቀና ብላ። በዚህች ብቻ ሁለት ሰው አየን። ክፍሉ ትንሽ ባይሆን ኖሮ ይህ የዓይን ሥራ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር።

ሦስተኛው ላይ የፊት ወንበር ያዝኩ። የሁለቱን ቀን ሳቅ ስለወደድኩት ቀረብ ብዬ ማየት ፈለግሁ። የቀልደኛውንም የቤቱንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዬ ከእነሱ ጋር አይደለም። በመሃል መብራቱ ለአፍታ ደብዘዝ አለ። ቀልደኛው ወደ እኔ እየጠቆመ «ኧረ ይሄ ልጅ የት ገባ? ወንድሜ፣ እስቲ ፈገግ በልልንና እንይህ!» አለ።

እኔ የጋምቤላ ልጅ ነኝ። ይህን ቀልድ አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ በካፌም በዶርምም ሰምቼዋለሁ። አዲስ የሆነብኝ ከፊት ለፊቴ ሁለት ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ የነገረኝ ሰው፣ ከኋላዬ ደግሞ የሳቀ ሠላሳ ሰው መኖሩ ነው። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ እኔም ሳቅኩ። ጥርሴን አሳየሁ። እንዳለኝ አደረግሁለት ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል፣ እዚሁ ኮሌጃችን ውስጥ በሚደረጉ ትርኢቶች ላይ ሳይቀር፣ የኋላ ወንበር እየፈለግሁ ስቀመጥ ራሴን አገኘሁት። የቴአትር ተማሪ ሆኖ የኋላ ወንበር መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ለምን እንስቃለን?

ይህ ጥያቄ የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የራሴ ጉዳይ ሆነ። በክፍል ከተማርናቸው ንድፈ ሐሳቦች ሦስቱን አውጥቼ አየሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ፣ ሰው የሚስቀው ከሌላው በድንገት ልቆ ራሱን ሲያገኘው ነው ይላል። ጀርመናዊው ካንት ደግሞ ተወጥሮ ሲጠበቅ የነበረ ነገር ሳይታሰብ ባዶ ሲሆን ሳቅ ይመጣል ባይ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤርግሶን እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው ሥራው ሳቅ የማኅበር መሆኑን፣ ማስተጋቢያ እንደሚፈልግ፣ በምንስቅበት ቅጽበትም ልባችን ለአፍታ እንደሚደነዝዝ አስረድቷል።

ሦስቱን ትርኢቶች በእነዚህ ብንመዝናቸው፣ የአከራይዋ ቀልድ ለካንት ይስማማል። «ቤቱ ምን አለው?» ብለን መልስ ስንጠብቅ በእጅ የማይጨበጥ «ሰላም» መጣ። የሰምና ወርቅ ባህል ላደግንበት ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ ጆሯችን አንዱን ሲጠብቅ ሌላው ከሥር ይወጣል። በእኔ ላይ የተቀለደው ግን ለሆብስ የሚሆን ነው። ሠላሳው ሰው ለአንድ አፍታ ከእኔ በላይ ሆነ። የእኔ መሳቅ ግን በሆብስ አይፈታም፤ ራሴን ልቄ አልስቅም። ይህን የሚፈታው ቤርግሶን ይመስለኛል። ሳቅ የማኅበር ከሆነ፣ ያልሳቀ ሰው ከማኅበሩ ይወጣል። እኔ የሳቅኩት ቀልዱ አስቆኝ አልነበረም፤ ብቻዬን እንዳልቀር ነው።

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስመለስ አጎቴ አዝኖልኝ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠልኝ። ማረፊያው ከባሮ ዳሯ ከተማችን ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። ሚያዝያ ላይ የጋምቤላን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ምጣድ አጠገብ የተቀመጣችሁ አድርጋችሁ አስቡት። በዚያ ሙቀት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገደኛ የምትለዩት በብብቱ ሥር በያዘው ጃኬት ነው። በአዲስ አበባ አየር ጠባይ ምክንያት አውሮፕላኑ እንደሚዘገይ ተነገረን። ወንበር ያገኘ ወንበሩ ላይ፣ ያላገኘ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ፊቱን በወረቀት ያራግባል።

አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ማንጎ የሞላ ፌስታል ይዘው ገቡ። ፌስታሉን ሳይ «እያዩ ፈንገስ» ትዝ አለኝና ፈገግ አልኩ። እሳቸው መቀመጫ ፈልገው ሲያጡ እንደቆሙ ለሁሉም ይናገሩ ጀመር።

«ወገኖቼ፣ ካርቶኔን ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ትርፍ አለው አለ። ሕግ ነው፣ አወጣሁት። አሁን ይሄን ሦስት ኪሎ እናንተ ብትበሉልኝ፣ በሆዳችሁ ሆኖ እዚያው አውሮፕላን ላይ ይሳፈራል። ካርቶኑ ቀለለ፣ እኛ ከበድን፣ አውሮፕላኑ ያው!»

ሰው ሳቀ። ራስ ነቅንቆ የሳቀው የሚዛኑን ሕግ የሚያውቅ ሁሉ ነው። ከዚያ ወደ ጃኬታችን ዞሩ። «እዩን እስቲ! እዚህ እየሞቀን ጃኬት ታቅፈናል። እዚያ ያሉት እየበረዳቸው 'ጋምቤላ ይሞቃል' ብለው በካናቴራ ተሳፍረዋል። በመሃል ሰማይ ላይ ብንገናኝ ልብስ እንቀያየር ነበር።»

ቀጥለው ነው ልቤን የያዙት። «እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ ጊዜ ፒያሳ ላይ አንድ ሰውዬ በእንግሊዝኛ አናገሩኝ። በአማርኛ መለስኩላቸው። 'ውይ! አማርኛ ይችላሉ! ጎበዝ!' አሉኝ። እኔም 'እርስዎም ምንም አይሉ' አልኳቸው።»

ሳቁ ሳይበርድ አከሉበት፦ «ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ 'ጎበዝ' ያለኝ ሰው የለም፤ ፒያሳ ላይ በአንድ ደቂቃ አገኘሁት!»

ሥራ ለብሳ የተቀመጠች፣ ሹራቧን ጉልበቷ ላይ ያደረገች አንዲት ሴት ከሳቋ ቀና ብላ «ጋሼ፣ እኔም እንዲህ ብዬ አውቃለሁ፤ ይቅርታ» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመድረክ ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ብዙ ቀልደኛ ይጥላል። እሳቸው ግን ፌስታሉን ከፍተው «ይቅርታ የጠየቀ ማንጎ ይበላል!» ብለው አቀበሏት። ወዲያው አንድ ጎረምሳ «እኔም ይቅርታ!» አለ። «አንተ ደግሞ ምን አደረግህ?» «ምንም አላደረግሁም፤ ማንጎ ፈልጌ ነው።» ከዚያማ ወረፋ ሆነ። ኑዌሩም፣ አኝዋሃውም፣ መዠንግሩም፣ ከመሃል አገር ለሥራ የመጣውም እየተነሳ ይቅርታ ጠየቀ። አውሮፕላኑ ሲመጣ ፌስታሉ ባዶ ነበር።

ተሰልፈን ስንወጣ አጠገባቸው ሆንኩና የየካቲቱን ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ለመምህሬ ያልነገርኩትን ለማላውቀው ሰው። በጸጥታ ሰሙኝና «መብራቱ ደብዝዞ ነበር አይደል ያልከኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ እሱስ ታይቶህ ነበር? 'እኔም አንተን አላየሁህም፣ ጨለማ የሁላችን ነው' ብትለው የሚስቁት እነሱ ነበሩ።» ከዚያ አውሮፕላኑን ተሳፈርን።

ሁለቱን ስናነጻጽር

ሁለቱ ቀልዶች በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የጋምቤላ ሰው መሃል አገር ሲሄድ በምን ዓይን ይታያል የሚል። ታዲያ አንዱ አቆሰለኝ፣ ሌላው ፈወሰኝ፤ ለምን? ቀላሉ መልስ «መምህሩ የራሳቸው ጉዳይ ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ እውነትነት ቢኖረውም በቂ አይመስለኝም። መምህሩ በካናቴራ ስለተሳፈሩት የአዲስ አበባ ሰዎችም ቀልደዋል፤ ማንም አልቆሰለም።

አንደኛው ልዩነት እውቀት ነው። የየካቲቱ ቀልድ ስለ እኔ ምንም ማወቅ አልጠየቀም፤ ቀለሜን ማየት በቃው። የመምህሩ ቀልድ ግን ሠላሳ አራት የማስተማር ዓመታት ከኋላው አሉ። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን 10ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በከተማችን ሲከበር የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አቧራውን፣ ከበሮውንና የድምፅ ማጉያውን አስታውሳለሁ። ትልቅ መድረክ ሕዝብን በልብሱና በጭፈራው በጅምላ ያሳያል፤ ሥራው ነው፣ አያስወቅሰውም። ትንሽ መድረክ ግን አንድን ሰው እንደ አንድ ሰው ማሳየት ይችላል። ያ ቀልደኛ በትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ፣ በጅምላ ማየቱ ነው የሙያ ስህተቱ።

ሁለተኛው ልዩነት አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ አንድን ሰው ስሙን ለማወቅ ሲጠይቅ ሰውየው ጥያቄውን በጥያቄ እየመለሰ እንዴት እንዳደከመው ጽፏል። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የመጣውን ሰው፣ ምንም ያልያዘው ሰው ሲያስቅበት ማለት ነው። አለቃ ገብረ ሐናም የሚወሱት ከእሳቸው በላይ ያለውን በመንካታቸው ነው። መምህሩም የሸነቆጡት ሚዛኑን፣ ሙቀቱን፣ ሁላችንንና ራሳቸውን ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው ልዩነት የመልስ ዕድል ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው። ብቻውን የሚቆም ቀልደኛ መልስ ሰጪው ተመልካቹ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሲተረብ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ያችኑ ግጥም፣ በራሱ ላይ ብትሆን እንኳ፣ ተቀብሎ ያዜማታል። ወጉ መልስ የመስጠትን መብት በውስጡ ይዟል። በአውሮፕላን ማረፊያው ሴትየዋ ስትናገር መምህሩ ቦታ ሰጧት፤ ከዚያ በኋላ ትርኢቱ የሁላችን ሆነ። የየካቲቱ ግን ፈገግ በል ብሎ አዞኝ ወደ ሌላ ቀልድ አለፈ። በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ አልጭንም። መልሱ በአፌ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሳት ለትምህርት ክፍላችን አንዲት ሐሳብ አቀርባለሁ። በወር አንድ ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በአንዱ መማሪያ ክፍል ሃያ ወንበር አስቀምጠን የብቻ ኮሜዲ እንሞክር። ለአንድ ሰው ሰባት ደቂቃ ይበቃል። መብራት አይጥፋ፤ ተመልካቹም ይታይ። የተተረበ ሰው ደግሞ እዚያው ተነስቶ «ተቀበል!» የማለት መብት ይኑረው፣ ቀልደኛውም የመቀበል ግዴታ። ወጪው የኖራ ያህል እንኳ አይሆንም።

ለመምከር ብቻ እንዳልሆነ እንድታምኑኝ፣ ባለፈው ወር አምስት ጓደኞቼን ሰብስቤ በዶርማችን ውስጥ ሞከርኩት። ስለ ካፌው ዳቦ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ቀልድ ሞተ። ሁለተኛውም አብሮት ተቀበረ። ሦስተኛው ላይ ተደግፌበት የነበረው ወንበር ተሰብሮ ወደቅሁ፤ በሱ ሳቁ። አንዱ ጓደኛዬ ከሳቁ መሃል «ተቀበል! ዳቦውስ ይሻላል፣ ቢወድቅም አይሰበርም» አለኝ። ከእኔ ሰባት ደቂቃ የእሱ አንዲት መስመር በለጠች። ተቀበልኳት።

በሚቀጥለው ትርኢታችን ላይ የፊት ወንበር አንዱን ለእኔ ያዙልኝ። ቸር ይግጠመን።